ስኬትቦርድ ምንድን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስኬትቦርድ ይዤ ታክሲ ውስጥ በገባሁ ቁጥር አንድ ሰው ይጠይቀኛል። አንዱ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል። ሌላው ገልብጦ ጎማውን በጣቱ ያሽከረክርና ዋጋውን ይጠይቃል። ልጃቸው «ግዙልኝ» ብሎ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣቸው ወላጆች ደግሞ ጠበቅ ያለ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚደጋገሙትን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስኬትቦርድ በአጭሩ ምንድን ነው?

አራት ትናንሽ ጎማዎች የተገጠሙለት፣ ሰው ቆሞበት የሚነዳው ሳንቃ ነው። ሞተር የለውም። መሪ የለውም። ፍሬንም የለውም። አንዱን እግር ሳንቃው ላይ አድርገው በሌላው መሬቱን እየገፉ ይሄዱበታል። መታጠፉም፣ መቆሙም፣ መዝለሉም ከነጂው ሰውነት ነው የሚመጣው። ብስክሌት ላይ እጅ የሚሠራውን ሁሉ እዚህ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ይሠሩታል።

ቃሉ ራሱ ምን ማለት ነው?

«ስኬት» እና «ቦርድ» የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጋጥመው የወለዱት ስም ነው። ቦርድ ሳንቃ ወይም ጣውላ ማለት ነው። እኛ «ቦርድ» ሲባል ቶሎ የሚታየን ስብሰባ የሚቀመጠው የሥራ አመራር ቦርድ ነው። እሱም ቢሆን የመጣው ከዚሁ ከሳንቃ ነው። እንግሊዞች መጀመሪያ ሳንቃውን፣ ቀጥሎ ከሳንቃ የተሠራውን ጠረጴዛ፣ በመጨረሻ ጠረጴዛውን ከበው የሚመክሩትን ሰዎች ቦርድ አሏቸው።

«ስኬት» የሚለው ግን ብዙ አገር የዞረ ቃል ነው። መነሻው የድሮ ፈረንሳይኛ ነው። እዚያ ሰው ከፍ ብሎ የሚራመድበትን ረጅም የእንጨት እግር ነበር የሚያመለክተው። ሆላንዶች ቃሉን ወሰዱና በረዶ ላይ ለመንሸራተት ከጫማ ሥር ለሚታሰረው ነገር ሰጡት። «ስኻትስ» ይሉታል። እንግሊዞች በ17ኛው መቶ ዘመን ከሆላንዶች ሲቀበሉት አንድ ስህተት ሠሩ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» የብዙ ቁጥር ምልክት መሰለቻቸው። በእነሱ ቋንቋ ብዙ ቁጥር በ«ስ» ነዋ የሚያልቀው! ስለዚህ ለነጠላው ቆርጠው ጣሏትና «ስኬት» ብቻ ቀረ። እኛ ደግሞ በተቃራኒው የእንግሊዝኛውን ብዙ ቁጥር እንደ ነጠላ ቆጥረን «ቺፕሶች» እንላለን። ቃላት ከአገር አገር ሲሻገሩ እንዲህ ነው የሚሆኑት።

ከዚያ በረዶ ላይ የነበረው መሣሪያ ጎማ ተገጠመለትና ሮለር ስኬት ተባለ። ቆይቶ ልጆች ሮለር ስኬቱን ፈትተው ጎማውን ሳንቃ ላይ መቱት። ስሙ ይኸው ነው፦ የስኬት ጎማ የተመታበት ሳንቃ። አሠራሩን በሁለት ቃል ነው የሚናገረው።

ከአማርኛው «ስኬት» ጋር ይዛመዳል?

አይዛመድም። አጋጣሚ ነው። የኛ ስኬት «ተሳካ» ከሚለው ጋር ነው ዝምድናው። ነገር ግን በፊደል አንድ ናቸው፣ ሲነበቡም አይለዩም። ኢንተርኔት ላይ «ስኬት» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ የንግድና የሕይወት ምክር ነው። ስለ ሳንቃው ማንበብ የፈለገ «ስኬትቦርድ» ብሎ ሙሉውን ይጻፍ።

እኔ ግን ይሄን ግጥምጥሞሽ ከልቤ እወደዋለሁ። አንድ ልጅ ሃምሳ ጊዜ ወድቆ በሃምሳ አንደኛው ሲቆምለት አይቼ አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት ሁለቱ ቃላት አንድ ይሆኑብኛል።

የአማርኛ ስም ቢወጣለት አይሻልም?

«ባለ ጎማ ሳንቃ» ብንለው ያስኬዳል። «ተንሸራታች ሰሌዳ» የሚል ትርጉም ሰምቼ አውቃለሁ፣ ግን አልተስማማኝም። የሚንሸራተተው የበረዶው ነው፤ ይሄኛው ይሽከረከራል። ሰፈር ውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ «ስኬት እንጫወት» ነው የሚለው። የሚጫወተውን «ስኬተር»፣ ቦታውን «ስኬት ፓርክ» ይለዋል። ቋንቋውን የሚያወጣው ተጠቃሚው ነው፤ እሱ በመረጠው ብንሄድ ይሻላል።

ማን ፈጠረው?

አንድ ሰው አይደለም። ልጆች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከብዙ ጊዜ በፊት ልጆች የሮለር ስኬት ጎማ ለሁለት ከፍለው ወፍራም እንጨት ሥር ይመቱ ነበር። ከፊት የፍራፍሬ ሣጥን ያቆሙበትና እጀታ ያደርጉለታል። እኛ ሰፈር ያደገ ሰው ይሄን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለቅመን፣ ጣውላ ላይ መትተን፣ ቁልቁለት ላይ እየጮኽን የምንወርድበትን ጋሪ ያልሠራ ማን አለ? ሐሳቡ አንድ ነው። የተለየው እነሱ አንድ ቀን ሣጥኑን ነቅለው ጣሉትና ቆመው ሄዱ።

ቆመው የሄዱት በዋናነት የካሊፎርኒያ የባሕር ዳር ወጣቶች ናቸው፣ በ1950ዎቹ። ሥራቸው በማዕበል ላይ በሰርፍ ሳንቃ መንሳፈፍ ነበር። ባሕሩ የተኛ ቀን ምን ይሥሩ? ያንኑ አቋቋም ይዘው አስፋልት ላይ ወጡ። በ1959 ፋብሪካ የሠራው ስኬትቦርድ ለገበያ ቀረበ። በ1963 እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ሄርሞሳ ቢች፣ ውድድር ተደረገ። ከዚያ እንደ ጉድ ተሸጠ።

በ1965 ግን ነገሩ በአንዴ ወደቀ። ምክንያቱ ጎማው ነው። የዚያን ጊዜ ጎማ ወይ ብረት ነበር፣ ወይ ከሸክላ የተሠራ። መንገድ ላይ ይንሸራተታል። አንዲት ጠጠር ካገኘ ቀጥ ይላል። ሳንቃው ይቆማል፣ ልጁ ይበራል። ሐኪሞች ተናገሩ፣ ብዙ ከተሞች ከለከሉ፣ ሱቆች ያዘዙትን ዕቃ መለሱ።

ያዳነው ፍራንክ ናስዎርዚ የሚባል ወጣት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሲጎበኝ ፖሊዩሪቴን ከሚባል ለስላሳና ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ የሮለር ስኬት ጎማዎች አየ። ወስዶ ስኬትቦርዱ ላይ ገጠማቸው። ጠጠሩን አለፉት። መሬቱን ያዙት። ድምፃቸውም ቀነሰ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ሄዶ «ካዲላክ» የሚል ስም ሰጥቶ መሸጥ ጀመረ። እኔ ስለ ስኬትቦርድ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል የምናገረው ይሄንን ጎማ ነው። ሳንቃ በየትም አለ። ዛሬ የምናየው ጨዋታ ሁሉ የቆመው ግን በዚያ ጎማ ላይ ነው።

ቀጥሎ ድርቅ አገዘው። በ1976 ገደማ ካሊፎርኒያ ዝናብ አጣች። የመዋኛ ገንዳዎች ደርቀው ባዶ ቀሩ። ግድግዳቸው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ክብ ነው። ልጆቹ አጥር እየዘለሉ ገቡና ግድግዳው ላይ ሽቅብ መውጣት ጀመሩ። ዛሬ ስኬት ፓርክ ውስጥ የሚታየው ጎድጓዳ ሲሚንቶ የዚያ ባዶ ገንዳ ልጅ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ኖርዌይ ከ1978 እስከ 1989 ስኬትቦርድን በሕግ ከልክላ ነበር። መሸጥም መንዳትም ክልክል። የኖርዌይ ልጆች ታዲያ ጫካ ገብተው መወጣጫ ሠርተው ይጫወቱ ነበር።

ከምን ከምን ነው የሚሠራው?

ጋራዥ ውስጥ የሠራ ሰው በአምስት ደቂቃ ፈትቶ ይገጥመዋል። ዋናው ሳንቃ «ዴክ» ይባላል። ሲያዩት አንድ እንጨት ይመስላል፣ ግን ኮምፔንሳቶ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰባት ስስ የሜፕል ዛፍ ንጣፎች በሙጫ ተጣብቀው፣ በመጭመቂያ ተጭነው ነው ቅርጽ የሚይዙት። የአንዳንዱ ንጣፍ የእንጨት መስመር ከሌላው ጋር ስለሚሻገር ቶሎ አይሰነጠቅም። ርዝመቱ 80 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ወርዱ ከ19 እስከ 22 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱ ጫፎች ወደ ላይ ተቆልመዋል። የፊተኛው «ኖዝ»፣ የኋለኛው «ቴል» ይባላል፤ አፍንጫና ጭራ ማለት ነው።

ከላይ ጥቁር ሻካራ ነገር ተለጥፎበታል። «ግሪፕ» ይሉታል። ብርጭቆ ወረቀት በሉት። እግር እንዳይንሸራተት ነው። ጫማ ግን ይበላል፣ ይሄን ወላጆች ከወዲሁ ይወቁት።

ከሥር ሁለት የብረት መያዣዎች አሉ። «ትራክ» ይባላሉ፣ ከጭነት መኪና ጋር አታምታቱት። እያንዳንዳቸው በአራት ብሎንና ዳዶ ይታሰራሉ፤ በአጠቃላይ ስምንት ብሎን። በእያንዳንዱ ትራክ ጫፍና ጫፍ ጎማ አለ። በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታ አለ። የኩሽኔታው ልክ በዓለም ሁሉ አንድ ነው። ቁጥሩ 608 ነው፦ ቀዳዳው 8 ሚሊ ሜትር፣ ውጪው 22፣ ውፍረቱ 7። ቤት ውስጥ ባሉ ትናንሽ ሞተሮች ውስጥም ይገኛል። ጎማውን ለመፍታት ደግሞ 13 ቁልፍ ይበቃችኋል።

መሪ ከሌለው እንዴት ይታጠፋል?

ወደ መታጠፊያው አቅጣጫ ትዘነበላላችሁ። ያ ነው።

ምሥጢሩ ትራኩ ውስጥ ነው። ጎማዎቹን የያዘው ብረት ሳንቃው ላይ ድርቅ ብሎ አልተበየደም። መሐሉ ላይ በአንድ ወፍራም ብሎን ተይዞ፣ ከላይና ከታች ጋራዥ ውስጥ ጎሚኒ እንደሚሉት ዓይነት ላስቲክ አለው። የሚዞርበት መስመር ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም፣ አግድም ያዘነበለ ነው። ሳንቃውን በቀኝ ጎኑ ስትጫኑት ላስቲኩ ይታመቃል፤ የፊት ጎማዎች ወደ ቀኝ፣ የኋላዎቹ ደግሞ ወደ ግራ ይዞራሉ። ሳንቃው ክብ ይሠራል። ይሄን ዘዴ ጄምስ ፕሊምተን የሚባል የኒው ዮርክ ሰው በ1863 ለሮለር ስኬት ነው ያወጣው። ስኬትቦርድ ወረሰው።

የዚያን ወፍራም ብሎን ዳዶ ጠበቅ ካደረጋችሁት ሳንቃው ደንዳና ይሆናል፣ አይወዛወዝም። ላላ ካደረጋችሁት ቶሎ ይታጠፋል። ክብደቱ ቀላል የሆነ ልጅ ጠንካራ ላስቲክ ከደረሰው ሳንቃው አልታጠፍ ብሎት «አልችልም» ብሎ ይተወዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዳዶው ነው። ሩብ ዙር አላልታችሁ እስቲ ድጋሚ ይሞክረው።

ፍሬን ከሌለውስ?

የኋላ እግራችሁን አውርዳችሁ የጫማውን ሶል መሬት ላይ ቀስ ብሎ ማስጎተት ነው። ጎበዞቹ ሳንቃውን ወደ ጎን አዙረው ጎማውን በማንሸራተት ያቆሙታል። ጀማሪ ከሁሉ በፊት መማር ያለበት መቆምን ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። መቆም ሳይችሉ ቁልቁለት መጀመር በፍጹም አይሞከርም።

ጎማው ላይ ያለው ቁጥር ምንድን ነው? ለኛ መንገድ የቱ ይሻላል?

ሁለት ቁጥር ታያላችሁ። አንዱ የክቡ ስፋት (ዲያሜትሩ) ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሌላው ጥንካሬው፣ አጠገቡ «ኤ» የሚል ፊደል ያለው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ይጠነክራል። ከ50 እስከ 54 ሚሊ ሜትር፣ ከ97ኤ እስከ 101ኤ የሆነው ትንሽና ጠንካራ ነው። ለለስላሳ ሲሚንቶ፣ ለእብነ በረድና ለስኬት ፓርክ ተሠራ። ከ56 እስከ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ78ኤ እስከ 87ኤ የሆነው ትልቅና ለስላሳ ነው። ሻካራ አስፋልት ላይ ይመቻል፣ ጥርስ አያንገጫግጭም።

ለኛ ሰፈር መንገድ? ያለ ጥርጥር ትልቁና ለስላሳው። ኮብልስቶን ግን የትኛውም ጎማ አያሸንፈውም። ድንጋዩና ድንጋዩ መሐል ያለው ስንጥቅ ጎማውን ይውጠዋል። ኮብልስቶን ስታገኙ ወርዳችሁ ቦርዱን ተሸከሙ። ከውጭ አገር ዘመድ ሲልክላችሁ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ጠንካራው ነውና።

ሲዘሉ ሳንቃው እግራቸው ላይ የተጣበቀ ይመስላል። እንዴት ነው?

ይሄ የምወደው ጥያቄ ነው። ምንም ማሰሪያ የለም። ማግኔትም የለም፤ አንድ ልጅ ማግኔት ነው ብሎ ተከራክሮኛል።

ዝላዩ «ኦሊ» ይባላል። እንዲህ ነው። የኋላ እግር ጭራው ላይ፣ የፊት እግር መሐል አካባቢ ይቀመጣል። ጎንበስ ብላችሁ ወደ ላይ ስትዘሉ ጭራውን በኃይል ወደ መሬት ትመቱታላችሁ። ሳንቃው ሕፃናት የሚጫወቱበት ሚዛን ይመስል በኋላ ጎማው ላይ ተደግፎ አፍንጫውን ሽቅብ ያነሳል። ጭራው መሬቱን «ጧ!» አድርጎ ይመታና ይነጥራል። ልክ በዚያች ቅጽበት እናንተም አየር ላይ ናችሁ፣ ክብደት አልጫናችሁበትም። የፊት እግር በጎኑ ሻካራውን ግሪፕ እያሸ ወደ አፍንጫው ይንሸራተታል። ያ መታሸት ሳንቃውን ወደ ላይ ይስበዋል፣ የኋላውንም ያነሳና ያስተካክለዋል። ከዚያ ሳንቃው ከእግር ሥር ጠፍጣፋ ሆኖ አብሮ ይወርዳል። ሁሉም ከአንድ ሰከንድ በታች ነው የሚያልቀው።

ስሙ የሰው ቅጽል ስም ነው። የፍሎሪዳው ልጅ አለን ገልፋንድ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጎድጓዳ ግድግዳ ላይ ያለ እጅ መነሳት ቻለ። ጓደኞቹ «ኦሊ» ይሉት ነበር። ሌላው የፍሎሪዳ ልጅ ሮድኒ ሙለን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያንን ደልዳላ መሬት ላይ አመጣው። ደረጃ መዝለል፣ የብረት መደገፊያ ላይ መንሸራተት፣ ሳንቃውን አየር ላይ ማሽከርከር፣ ሁሉም ከኦሊ ነው የሚነሱት። ለመልመድ ስንት ጊዜ ይፈጃል? እኔን ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ሳንቃውን ሣር ላይ አቁሞ መለማመድ ይረዳል፣ ጎማው አይሸሽም።

ስኬተሮች ሲያወሩ አይገባኝም። ምን ማለታቸው ነው?

ጥቂቱን ልንገራችሁ። «ሬጉላር» ግራ እግሩን ከፊት አድርጎ የሚቆም ነው። «ጉፊ» ቀኙን ከፊት የሚያደርግ። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ እንደ ቀኝና ግራ እጅ ነው። «ፑሽ» መሬቱን መግፋት። «ግራይንድ» በትራኩ ብረት ጠርዝ ላይ እየፋቁ መንሸራተት። «ድሮፕ ኢን» ከጎድጓዳው አፋፍ ላይ ጭራውን አስደግፎ ቆሞ ወደ ታች መጣል። ይሄኛው በጉልበት የሚቻል አይደለም። ክብደትን ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት መስጠት ይጠይቃል። ፈርቶ ወደ ኋላ የቀረ በመቀመጫው ይወድቃል።

ሎንግቦርድና ስኩተርስ?

ሎንግቦርድ ረዘም ያለ፣ ጎማው ትልቅ፣ ለመንገድና ለረጅም ጉዞ ነው። ለመዝለል አይመችም። ስኩተር እጀታ አለው። ሮለር ስኬት እግር ላይ ይታሰራል። የበረዶው ስኖውቦርድም እግር ይታሰርበታል። ስኬትቦርድ ላይ እግር ነፃ ነው፤ ከፈለጋችሁ በማንኛውም ሰዓት መዝለልና ጥላችሁት መሮጥ ትችላላችሁ።

ስፖርት ነው ወይስ የልጆች ጨዋታ?

ሁለቱም። ከቶኪዮ ጀምሮ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው። ጨዋታዎቹ «ቶኪዮ 2020» ቢባሉም የተካሄዱት በ2021 ነው። ሁለት ዓይነት ውድድር አለ። «ስትሪት» ደረጃና ብረት መደገፊያ የመሰለ የጎዳና ዕቃ ላይ የሚደረግ ነው። «ፓርክ» ጎድጓዳው ላይ ነው። በወንዶች ስትሪት ጃፓናዊው ዩቶ ሆሪጎሜ በቶኪዮም በፓሪስ 2024ም ወርቅ ወስዷል። በሴቶች ስትሪት ቶኪዮ ላይ ያሸነፈችው ሞሚጂ ኒሺያ 13 ዓመቷ ነበር። በፓርክ ብር ያገኘችው ኮኮና ሂራኪ ደግሞ 12። እኛ በሩጫ ለምናውቀው ኦሊምፒክ ይሄ ያስደንቃል።

የሚገርመኝ ሌላው ነገር ተወዳዳሪዎቹ ናቸው። አንዷ ስትወድቅ ተቀናቃኞቿ ሮጠው ሄደው ያነሷታል። ይሄ ከጎዳናው ይዘውት የመጡት ባህል ነው። እኛም ሰፈር ማንም ሲሳካለት ሁሉም ሳንቃውን መሬት እየመታ ያጨበጭብለታል።

ሴት ልጄ ትፈልጋለች። ይሆናል?

ለምን አይሆንም? ከመጀመሪያው ሴቶች ነበሩበት። በ1965 «ላይፍ» የሚባለው የአሜሪካ መጽሔት ሽፋኑ ላይ ያወጣው ስኬተር ፓቲ ማጊ የምትባል ወጣት ናት፣ ሳንቃው ላይ በእጇ ተገልብጣ ቆማ። የአገሯ የመጀመሪያዋ የሴቶች ሻምፒዮን ነበረች። አዲስ አበባም ውስጥ በ2020 የጀመረ የሴት ስኬተሮች ቡድን አለ። አብረው ይለማመዳሉ፣ አዲስ ለምትመጣ ልጅ ያስተምራሉ። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃት ብቻዋን ስትሆን ነው የሚከብዳት። ብትችሉ ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር ታስጀምሯት።

ኢትዮጵያ ውስጥ የት ይጫወታሉ?

ሚያዝያ 2016፣ በኛ 2008 መሆኑ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የሲሚንቶ ስኬት ፓርክ ተከፈተ። «ኢትዮጵያ ስኬት» የሚባሉት የከተማው ልጆች «ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ» ከሚባል የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆነው ነው ያሠሩት። ከተለያዩ አገሮች በጎ ፈቃደኞች መጥተው ከልጆቹ ጋር አካፋ ይዘው ሠርተዋል። ከዚያ በፊት ልጆቹ የሚጫወቱት ባገኙት ደልዳላ አስፋልትና ደረጃ ላይ ነበር። ጥበቃ ያባርራቸዋል፣ ነገ ተመልሰው ይመጣሉ።

ሳንቃው ራሱ ብርቅ ነበር። ብዙ ልጅ የመጀመሪያ ቦርዱን ያገኘው ከውጭ ከመጣ ሰው ሻንጣ ነው። አንዱን ቦርድ አምስት ልጆች በተራ ይጠቀሙበታል። ከውጭ ለምትመጡ አንባቢዎች ይሄን ልበል፦ ያገለገለ ትራክና ጎማ ብታመጡ ቦታ አይይዝባችሁም፣ እዚህ ግን ለዓመታት ያገለግላል።

አደገኛ አይደለም?

ይወደቃል። ያልወደቀ ስኬተር የለም። በብዛት የሚጎዳው የእጅ አንጓ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ሲወድቅ ቀድሞ እጁን ቀጥ አድርጎ ይዘረጋል። ስለዚህ ጀማሪ የአንጓ መከላከያ ያድርግ። ሄልሜት ደግሞ ለድርድር አይቀርብም፣ በተለይ ለልጆች። ቀጥሎ የጉልበትና የክርን።

መውደቅ ራሱ ይማሩታል። ሚዛን ሲጠፋ ቁጢጥ ማለት፣ ክርንን ማጠፍ፣ በትከሻ መንከባለል። ሣር ላይ አሥር ጊዜ ሆን ብላችሁ ውደቁ። ከመኪና መንገድ ግን ራቁ። ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የትኛው እግር ከፊት እንደሚሆን እወቁ። አንድ ሰው ሳታስቡት ከኋላ ቀስ አድርጎ ይግፋችሁ። ሚዛን ለመያዝ ቀድሞ የተራመደው እግር ብዙ ጊዜ የፊተኛው ነው። ከዚያ ሣር ወይም ምንጣፍ ላይ ቁሙበት። ጉልበት አጠፍ፣ ዓይን ወደ ፊት። ሶሉ ጠፍጣፋ የሆነ ሸራ ጫማ አድርጉ።

ቀጥሎ ደልዳላ ሲሚንቶ ፈልጉ። የፊት እግራችሁን የፊት ብሎኖቹ ላይ፣ ጣቶቻችሁን ወደ መሄጃው አዙራችሁ አስቀምጡ። በኋላ እግር ግፉ። ሳንቃው ሲሄድ የኋላ እግራችሁን ሳንቃው ላይ አውጡና ሁለቱንም ወደ ጎን አዙሩ። ጀማሪዎች በጣም የሚሳሳቱት ክብደታቸውን የሚገፋው እግር ላይ ጥለው ነው። ሳንቃው ወደ ፊት ያመልጣቸዋል። ክብደት ሁልጊዜ ሳንቃው ላይ ባለው እግር ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሜትር ሳይወርዱ መሄድና መቆም ከቻላችሁ በቂ ነው።

ስገዛ ምን ልይ?

አሻንጉሊት እንዳይሸጡላችሁ ተጠንቀቁ። ትራኩ ፕላስቲክ ከሆነ ተዉት። ገልብጣችሁ ጎማውን በጣት አሽከርክሩት፤ ወዲያው ከቆመ ወይም ከተንኳኳ ተዉት። መሬት ላይ አስቀምጡና በእግር አንዱን ጎን ጫን አድርጉት፤ ማዘንበል አለበት። ካላዘነበለ አይታጠፍም። ለትንንሽ ልጆች ወርዱ ከ18 እስከ 19 ሳንቲ ሜትር፣ ለአዋቂ ከ20 እስከ 21.5 ይመቻል። ርካሽ አሻንጉሊት ላይ የጀመረ ልጅ ችሎታ የሌለው ይመስለዋል። በጣም የማዝነው በዚህ ነው።

ክረምት ላይስ? ቢሰበርስ?

ዝናብ ላይ አትንዱት። ውሃ ኩሽኔታውን ያዝጋል፣ ሙጫውን ያስለቅቃል፣ ሳንቃው ያብጣል፣ የጭራው ንጥረትም ይሞታል። ሐምሌና ነሐሴ ቦርዱ ቤት ውስጥ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ከረጠበባችሁ ጎማዎቹን ፈትታችሁ ኩሽኔታዎቹን አድርቁና ጠብታ ዘይት አድርጉባቸው።

ሳንቃው መሰበሩ አይቀርም፣ ብዙ ጊዜ መሐሉ ላይ ወይም ትራኩ አጠገብ። የሚሰበረው ግን እንጨቱ ብቻ ነው። ስምንቱን ብሎን ፍቱ፣ ትራክና ጎማውን ወደ አዲሱ ዴክ አዙሩ። ስባሪውን አትጣሉት። እኔ ግድግዳ ላይ መትቼ የመጽሐፍ መደርደሪያ አድርጌዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ኦሊ የያዝኩበት እሱ ነበር።